አንድ በርሜል፣ ሦስት ቁጥር

ሰኔ 30፣ ከምሽቱ 3 ሰዓት። ቃሊቲ በሚገኝ አንድ የፈሳሽ ሳሙና ፋብሪካ መጋዘን ውስጥ አራት ሰዎች ቆመናል። ክረምቱ ገብቷል፤ ዝናቡ የጣሪያውን ቆርቆሮ ስለሚደበድበው ለመነጋገር ድምፅ ከፍ ማድረግ ግድ ነው። ያኔ ሥራ ከጀመርኩ ዓመት ያልሞላኝ የሂሳብ ሠራተኛ ነበርኩ፤ በዓመቱ መዝጊያ የቆጠራ ኮሚቴ ውስጥ ጸሐፊ ሆኜ ተመድቤአለሁ። ሐምሌ 1 ሲነጋ አዲሱ የበጀት ዓመት ይጀምራል። ከዚያ በፊት የመጋዘኑ ዕቃ ሁሉ ተቆጥሮ፣ ተጽፎና ተፈርሞበት ማለቅ አለበት።

ተራው የላብሳ ሆነ። ላብሳ የፈሳሽ ሳሙና ዋና ግብዓት ነው፤ ቡናማ፣ ወፍራም፣ ቆዳ የሚያቃጥል አሲድ። በዶላር ተገዝቶ፣ በበርሜል ታሽጎ፣ በጅቡቲ በኩል ይገባል። በርሜሎቹን አንድ በአንድ በጠመኔ ምልክት እያደረግኩ ቆጠርኩ፦ 58። ግድግዳው ላይ የተንጠለጠለውን የዕቃው ገቢና ወጪ የሚጻፍበትን ቢን ካርድ አነበብኩ፦ 64። ከሂሳብ ክፍል ይዤ የመጣሁትን፣ ፒችትሪ ከተባለው የሂሳብ ሶፍትዌር የታተመውን ዝርዝር ገለጥኩ፦ 71። እንደገና ቆጠርን። ያው 58።

«ጋሼ፣ ካርዱ 64 ይላል እኮ» አልኳቸው የመጋዘኑን ኃላፊ።

«አይቻለሁ ልጄ» አሉኝ። «እኔ የምጽፈው እጄ የተቀበለውንና እጄ ያስረከበውን ነው። ከዚያ ውጭ ያለውን ከየት አምጥቼ ልጻፍ?»

ቆጠራ ላይ ጉድለት ሲገኝ ዓይን ሁሉ ቁልፍ ወደያዘው ሰው ይዞራል። በማግስቱ ጠዋት ቁልፉን እንዲያስረክቡ ተነገራቸው። በዚያ ግቢ ፀጉራቸው የሸበተ ሰው ናቸው። ቁልፉን ከቀበቶአቸው ፈትተው ጠረጴዛው ላይ ሲያስቀምጡ ቢሮው ውስጥ የነበርን ሁላችን ዓይናችንን ሰበርን።

እውነቱን ለማግኘት ዘጠኝ ቀን ፈጀብን። ሂሳብ ክፍል 71 ያለው የአቅራቢው ሰነድ ቀድሞ ስለደረሰና በሰነዱ ላይ ተመሥርቶ ስለመዘገበ ነው፤ ከዚያ ጭነት 7 በርሜል ግን ገና ሞጆ ደረቅ ወደብ ቆሞ ነበር። ቢን ካርዱ 64 ያለው መጋዘኑ በእጁ የገባውን ብቻ ስለጻፈ ነው። ከ64ቱ ደግሞ 6 በርሜል በአንድ የሌሊት ፈረቃ ወደ ምርት ክፍል ወጥቷል። የመጋዘኑ ኃላፊ ወደ ቤታቸው ሄደዋል፤ ፎርማኑ መለዋወጫ ቁልፉን ከጥበቃ ተቀብሎ፣ «ነገ የወጪ ማዘዣ ይሠራለታል» ብሎ በራሱ ደብተር ጽፎ አወጣው። ነገ ሌላ ሥራ መጣ፤ ማዘዣው ተረሳ። 71 ሲቀነስ 7፣ 64 ነው። 64 ሲቀነስ 6፣ 58። አንዲትም በርሜል አልጠፋችም። ማንም አልሰረቀም። ሦስቱም መዝገቦች በየራሳቸው እውነት ጽፈዋል።

ቁልፉ ለባለቤቱ ተመለሰ። እኔ ግን ከዚያ ሰኔ ጀምሮ አንድ ጥያቄ ይዞኝ ቀረ፦ አንድ ድርጅት ስለ አንድ በርሜል ለምን ሦስት ቁጥር ይኖረዋል?

አንድ ጉዳይ በስምንት እጅ

አንድ በርሜል ወደ ፋብሪካ እስኪገባ ስንት ጊዜ እንደሚጻፍ እንከተል። ምርት ክፍል የግዢ ጥያቄ ይጽፋል። ግዢ ክፍል ፕሮፎርማ ሰብስቦ የግዢ ማዘዣ ያወጣል። ባንክ የመተማመኛ ሰነድ (ኤልሲ) ይከፍታል። ትራንዚተሩ የጉምሩክ ዲክላራሲዮን ያዘጋጃል። መጋዘን የገቢ ደረሰኝ ቆርጦ ቢን ካርድ ላይ ያሰፍራል፤ በመንግሥት መሥሪያ ቤት ቢሆን ሞዴል 19 ነው። ሂሳብ ክፍል ከደረሰኙ ላይ ወደ ኮምፒውተር ይገለብጣል። የወጪና ዋጋ ሠራተኛው በኤክሴል የራሱን ስሌት ይሠራል። ሽያጭ ክፍል ደግሞ «ስንት አለን?» ብሎ በስልክ ጠይቆ፣ የተነገረውን በማስታወሻው ይይዛል።

በእያንዳንዱ ግልበጣ ሦስት ነገር ይጠፋል። ጊዜ ይጠፋል፤ መጋዘን ዛሬ የተቀበለውን ሂሳብ ክፍል ከሳምንት በኋላ ያውቀዋል። ትክክለኛነት ይጠፋል፤ 1,860 የነበረው 1,680 ሆኖ ይገለበጣል። ከሁሉ የሚከፋው ግን ኃላፊነት ይጠፋል። ቁጥር ሲሳሳት መጀመሪያ ማን እንደጻፈው አይታወቅም፤ የሚታወቀው ቁልፉን የያዘው ሰው ብቻ ነው።

የሂሳብ አያያዝ ጥበብ ራሱ የተነሣው ከዚህ ጭንቀት ነው። ጣሊያናዊው መነኩሴና የሂሳብ ሊቅ ሉካ ፓቾሊ እ.ኤ.አ. በ1494 ቬኒስ ላይ ባሳተመው መጽሐፍ፣ የከተማዋ ነጋዴዎች አስቀድመው ይሠሩበት የነበረውን የሁለትዮሽ ምዝገባ በዝርዝር አስረዳ። እያንዳንዱ ጉዳይ በዴቢትና በክሬዲት ሁለት ጊዜ ይጻፋል፤ ሁለቱ ካልተመዛዘኑ ስሕተት አለ ማለት ነው። እዚያ ሁለቴ የሚጻፈው አንዱ ሌላውን እንዲጠብቅ ነው። በእኛ ፋብሪካ ግን ስምንቱ መዝገቦች አይተያዩም ነበር። የሚገናኙት በዓመት አንድ ቀን፣ ሰኔ 30 ማታ ብቻ ነው።

በሰው ኮምፒውተር የተጀመረ ሥራ

የዚህ ችግር ዘመናዊ መልስ የተወለደው ከፋብሪካ ነው። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ አሜሪካዊው መሐንዲስ ጆሴፍ ኦርሊኪ ጥሬ ዕቃን በኮምፒውተር የማቀድ ስልት አዘጋጀ። ሐሳቡን ማንኛዋም ባለሙያ እናት ታውቀዋለች፦ ለድግስ ስንት እንጀራ እንደሚያስፈልግ ካወቅህ ስንት ኪሎ ጤፍ መቼ መፈጨት እንዳለበት ወደ ኋላ ተነሥተህ ታሰላለህ። የእጅ መሣሪያ አምራቹ ብላክ ኤንድ ዴከር በ1964 ስልቱን ከተጠቀሙት የመጀመሪያዎቹ አንዱ ነበር።

በ1972 ደግሞ አምስት ጀርመናውያን፣ ዲትማር ሆፕ፣ ሃሶ ፕላትነር፣ ክላውስ ቺራ፣ ክላውስ ቬለንሮይተርና ሃንስ-ቨርነር ሄክቶር፣ የአይቢኤም ሥራቸውን ትተው ኤስኤፒ የተባለውን ኩባንያ መሠረቱ። የመጀመሪያ ደንበኛቸው ኢምፔሪያል ኬሚካል ኢንዱስትሪስ የተባለው የእንግሊዝ ኩባንያ በኦስትሪንገን የነበረው የናይለን ፋብሪካ ነው። የራሳቸው ኮምፒውተር አልነበራቸውም፤ በደንበኛው ማሽን ላይ ይሠሩ ነበር። በዚያ ዘመን መረጃ በተበሳ ካርድ ተጠራቅሞ፣ ሌሊት በጅምላ ተሰልቶ፣ ውጤቱ በማግስቱ ይታተም ነበር። የአምስቱ ሰዎች ምኞት የግዢው፣ የመጋዘኑና የሂሳቡ መረጃ በአንድ ቋት ተቀምጦ፣ አንዱ የመዘገበውን ሌላው በዚያው ቅጽበት በስክሪን እንዲያየው ማድረግ ነበር።

ዛሬ ኢአርፒ የምንለው የተቀናጀ የድርጅት ሥራ አመራር ሶፍትዌር ይህ ነው። ስሙን ያወጣለት በ1990 ጋርትነር የተባለው የአሜሪካ የጥናት ድርጅት ነው። በ1992 ኤስኤፒ አር/3 የተባለውን ሥሪቱን ሲያወጣ ቴክኖሎጂው ከግዙፍ ማሽኖች ወደ ተራ የቢሮ ኮምፒውተሮች ወረደ። ኋላ ደግሞ በቤልጂየም በ2005 የተጀመረው ኦዱና የሕንዱ ኢአርፒኔክስት መጡ። ኢአርፒኔክስትና የኦዱ መሠረታዊ ሥሪት የፈቃድ ክፍያ ስለማይጠየቅባቸውና ኮዳቸው ክፍት ስለሆነ፣ መካከለኛና አነስተኛ ድርጅት ሊደፍራቸው የሚችል ሆነዋል።

በርሜሉ በአንድ መዝገብ ቢያልፍ

አሁን ያችኑ በርሜል በተቀናጀ ሲስተም ውስጥ እናሳልፋት።

ግዢ ክፍል ማዘዣውን ሲያወጣ ሲስተሙ «ታዟል» ብሎ ይይዛል። አቅራቢው ጭኖ ሰነዱን ሲልክ በርሜሎቹ «በመንገድ ላይ ያለ ዕቃ» በሚል ሂሳብ ይቀመጣሉ። ሂሳብ ክፍል ያያቸዋል፤ ሽያጭም ያያቸዋል፤ ግን በእጅ እንዳለ ዕቃ ማንም አይቆጥራቸውም። ሞጆ የቀሩት 7 በርሜሎች ጉዳይ እዚህ ላይ አለቀ።

ዕቃው መጋዘን ሲደርስ ኃላፊው በእጃቸው የገባውን ይመዘግባሉ። ከዚያ በኋላ ያንን ቁጥር ማንም አይገለብጠውም፤ ሂሳብ ክፍልም የሚያነበው እርሱኑ ነው። ክፍያ ሲጠየቅ ሲስተሙ ሦስት ነገር ያስተያያል፦ የታዘዘውን፣ የደረሰውንና አቅራቢው ያስከፈለውን። ሦስቱ ካልተስማሙ ቼኩ አይወጣም። 50 አዝዞ፣ 48 ተቀብሎ፣ ለ50 መክፈል የሚባለው ጥንታዊ ቀዳዳ በዚህ ይደፈናል።

ቀጥሎ የምርት ክፍል አለ። ሳሙናው የሚሠራበት ቀመር በሲስተሙ ውስጥ ተቀምጧል፤ ለአንድ ዙር ምርት ይህን ያህል ላብሳ፣ ይህን ያህል ኮስቲክ ሶዳ፣ ይህን ያህል ጨውና ሽቶ እያለ። እውነቱን ለመናገር፣ ፎርማኑ በሌሊት 6 በርሜል ከማውጣት ሶፍትዌር አይከለክለውም። ነገር ግን ሲነጋ ያመረተውን ሳሙና ሲያስመዘግብ ሲስተሙ በቀመሩ መሠረት ጥሬ ዕቃውን ይቀንሳል፤ ለዚያ ዙር የወጣ ላብሳ ካላገኘም ይጮኻል። ጥያቄው በማግስቱ ጠዋት፣ ሁሉም ሰው ትዝታው ትኩስ ሳለ ይነሣል። ወራት አልፈው ሰኔ 30 ማታ ከሆነ ግን የሚያስታውስ አይኖርም።

ሳሙናው ሲሸጥ ደግሞ አንዲት ደረሰኝ ብዙ ሥራ ትሠራለች። ከመጋዘን ትቀንሳለች፤ 15 በመቶውን የተጨማሪ እሴት ታክስ ለይታ ታስቀምጣለች፤ የደንበኛውን ዱቤ ትጨምራለች፤ የተሸጠውን ዕቃ ወጪ ከገቢው ፊት ለፊት ታቆማለች። ሥራ አስኪያጁ ማታ ስልኩን ከፍቶ «ዛሬ ስንት ሸጥን?» ብቻ ሳይሆን «ዛሬ ስንት አተረፍን?» ብሎ መጠየቅ ይችላል። ብዙ ድርጅት የመጀመሪያውን ጥያቄ ሲመልስ ይውላል፤ ሁለተኛውን የሚያውቀው ኦዲተር ሲመጣ ነው።

ዋጋ በአንድ ሌሊት ሲለወጥ

ሽያጭን ብቻ በማወቅና ትርፍን በማወቅ መካከል ያለው ልዩነት ክብደቱ በአገራችን በግልጽ የታየው ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ነው። በዚያን ቀን ብሔራዊ ባንክ የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን አደረገ። 57 ብር ገደማ የነበረው የባንክ ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 ብርን ተሻገረ።

ስሌቱን በበርሜላችን እንሥራው። አንድ በርሜል በ300 ዶላር ይገዛል እንበል። ዶላር በ57 ብር ሲመነዘር ዋጋው 17,100 ብር ነው፤ በ100 ብር ሲመነዘር 30,000 ብር። በዚህ ላይ የባሕር ጭነት፣ መድን፣ ቀረጥ፣ የወደብ ኪራይ፣ የባንክ አገልግሎትና የመኪና ኪራይ ይጨመራል። አሮጌውን በርሜል በአሮጌ ዋጋ አስልቶ ሳሙናውን የሸጠ ፋብሪካ በመዝገቡ አትርፏል። በሽያጩ ገንዘብ ግን ያንኑ በርሜል መልሶ መግዛት አይችልም። ትርፍ መስሎት የበላው ካፒታሉን ነው።

መረጃው የተቀናጀ ድርጅት የምንዛሪውን ተመን አንድ ቦታ ላይ ሲለውጥ የእያንዳንዱ ምርት መተኪያ ዋጋ በዚያው ቀን ይሰላለታል። የትኛው ምርት ገና እንደሚያተርፍ፣ የትኛው ከዛሬ ጀምሮ እንደሚያከስር ያያል። በኤክሴልና በደብተር የሚሠራው ግን መልሱን የሚያገኘው ገንዘቡ ከሄደ በኋላ ነው። ነጋዴ በገበያ ቢሸነፍ ወግ ነው፤ የራሱን ዋጋ ባለማወቅ መሸነፍ ግን ሊቀር የሚችል ሞት ነው።

ከገበያው በላይ ሕጉም ወደዚሁ ይገፋል። የፋይናንስ ሪፖርት አዋጅ ቁጥር 847/2006 ድርጅቶች ዓለም አቀፍ የፋይናንስ ሪፖርት ደረጃዎችን እንዲከተሉ መሠረት ጥሏል፤ ይህንን የሚከታተለው የኢትዮጵያ የሂሳብ አያያዝና ኦዲት ቦርድ ነው። ደረጃዎቹ የመጋዘን ዕቃ ዋጋ በምን ስልት እንደተሰላ በግልጽ እንዲታወቅና ስልቱ እንዳሻው እንዳይለዋወጥ ይፈልጋሉ። ጥር 2 ቀን 2017 ደግሞ የኢትዮጵያ ሰነደ ሙዓለ ንዋዮች ገበያ በይፋ ሥራ ጀመረ። ነገ አክሲዮኑን ለሕዝብ ሊያቀርብ የሚመኝ የቤተሰብ ድርጅት ስለ አንድ በርሜል ሦስት ቁጥር ይዞ ወደዚያ ገበያ መግባት አይችልም።

ባዕድ ሶፍትዌር፣ የአገር ቤት ሥራ

ሶፍትዌሩ ከውጭ ሲመጣ የእኛን ኑሮ አያውቅም። ይህን አስቀድሞ ያላሰበ ድርጅት ገንዘቡን አውጥቶ ወደ ኤክሴሉ ይመለሳል።

መጀመሪያ ዘመን አቆጣጠሩ። የበጀት ዓመታችን ከሐምሌ 1 እስከ ሰኔ 30 ነው፤ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ከጁላይ 8 እስከ ጁላይ 7 ይውላል። ብዙው ሶፍትዌር የሂሳብ ወር ከፈረንጆቹ ወር 1ኛ ቀን እንደሚጀምር ተደርጎ ተሠርቷል። ጳጉሜንም አለች። በተለመደው አሠራር ደመወዝ የሚከፈለው ለ12 ወር ነው፤ ሽያጭና ምርት ግን በጳጉሜን 5 ወይም 6 ቀናት አይቆምም። እነዚያ ቀናት ወደ የትኛው ወር እንደሚጠቃለሉ ከመጀመሪያው ካልተወሰነ የነሐሴና የመስከረም ሪፖርት ዓመቱን ሙሉ ሲያጨቃጭቅ ይኖራል።

ሁለተኛው ፊደላችን ነው። አንድን ደንበኛ አንዱ ጸሐፊ «ኃይሉ»፣ ሌላው «ሃይሉ»፣ ሦስተኛው «ሐይሉ» ብለው ይጽፉታል። ሰው ሲያነበው አንድ ነው፤ ኮምፒውተር ግን ሦስት ደንበኛ ያያል። በአንዱ ስም የዱቤ ጣሪያው የሞላ ሰው በሌላው ስም አዲስ ዱቤ ይወስዳል፤ ሻጩም ሳያውቅ ይሰጠዋል። በስም መፈለግም እንዲሁ ነው፤ የእኛ ስም በራስና በአባት የተሠራ እንጂ የቤተሰብ መጠሪያ ስለሌለው ባዕዱ ቅጽ ያምታታዋል። መፍትሔው ቀላል ነው፦ ደንበኛ ሁሉ በግብር ከፋይ መለያ ቁጥሩ ይመዝገብ፤ ስሙ ከቁጥሩ በኋላ ይምጣ።

ሦስተኛው ሕጋችን ነው። የግል ድርጅት ሠራተኛ 7 በመቶ፣ አሠሪው 11 በመቶ የጡረታ መዋጮ ያዋጣሉ። የሥራ ግብር እርከን አለ፤ ቅድመ ግብር አለ፤ የሽያጭ መመዝገቢያ መሣሪያ አለ። እነዚህ ከሲስተሙ ጋር ካልተገናኙ ካሸሯ ካሽ ሬጂስተሩ ላይ የቆረጠችውን ደረሰኝ እንደገና ኮምፒውተር ላይ ትጽፋለች። ሸሽተነው የመጣነው ግልበጣ በዚህ በር ተመልሶ ይገባል።

አራተኛው መብራትና ኔትወርክ ነው። «ሲስተም የለም» የሚለውን ቃል በባንክ ወረፋ ላይ ያልሰማ የከተማ ሰው የለም። ስለዚህ ውል ሲፈረም የሚጠየቀው ጥያቄ ሲስተሙ ምን ምን ይሠራል የሚል ብቻ መሆን የለበትም። ሲስተሙ በተቋረጠ ጊዜ መጋዘኑ በምን ወረቀት ይሠራል? መስመሩ ሲመለስስ ያንን ወረቀት ማን፣ እስከ ስንት ሰዓት ያስገባል? ግልባጩ በየስንት ቀኑ፣ የት ይቀመጣል? የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ ወዲህ ደግሞ የሠራተኛና የደንበኛ መረጃ በማን እጅ እንዳለ ማወቅ ሕጋዊ ግዴታን የሚነካ ጉዳይ ሆኗል።

ሀብታሞቹ ሲወድቁ

ይህ ሁሉ ጥቅም በገንዘብ ብቻ እንደማይገዛ ሁለት ትልልቅ ኩባንያዎች በራሳቸው ኪሳራ አስተምረዋል።

የአሜሪካው ቸኮሌት አምራች ኸርሺ እ.ኤ.አ. በ1999 112 ሚሊዮን ዶላር ያወጣበትን የተቀናጀ ሲስተም ሥራ አስጀመረ። አራት ዓመት የሚፈልገውን ሥራ በ30 ወር ለመጨረስ ተጣድፎ ነበር። የተጀመረበት ወር ደግሞ ሐምሌ ነው፤ የዓመቱ ትልቅ የከረሜላ ገበያ የሆነው የጥቅምቱ ሃሎዊን ሊደርስ ወራት ሲቀሩት። ከረሜላው ነበረ፤ ትዕዛዙም ነበረ፤ ሁለቱን የሚያገናኘው መስመር ግን ተበጠሰ። 100 ሚሊዮን ዶላር ገደማ የሚያወጣ ትዕዛዝ በወቅቱ ሳይደርስ ቀረ። ለእኛ አገር ፋብሪካ ትምህርቱ ግልጽ ነው፦ በፋሲካ ወይም በእንቁጣጣሽ ገበያ ዋዜማ ሲስተም አይለወጥም።

ሁለተኛው የጀርመኑ የሱፐርማርኬት ሰንሰለት ሊድል ነው። ለሰባት ዓመት የደከመበትንና ወደ 500 ሚሊዮን ዩሮ ገደማ እንደፈሰሰበት የተዘገበውን ፕሮጀክት እ.ኤ.አ. በ2018 አቆመ። ከተጠቀሱት ምክንያቶች አንዱ ለሂሳብ ሠራተኛ በጣም የታወቀ ነው፦ ሊድል የመጋዘን ዕቃውን የሚያሰላው በመግዣ ዋጋ ነበር፤ የሶፍትዌሩ መደበኛ አሠራር ደግሞ በመሸጫ ዋጋ። ኩባንያው ልማዱን ከመለወጥ ሶፍትዌሩን መለወጥ መረጠ። በተለወጠ ቁጥር ሥራው እየተወሳሰበ፣ ወጪው እየናረ ሄደ።

ከሁለቱ አንዱም የወደቀው ገንዘብ ወይም ባለሙያ ጎድሎት አይደለም። ኸርሺ ጊዜውን ሳያከብር ተነሣ፤ ሊድል አሠራሩን ሳይወስን ተነሣ። ሶፍትዌር የተዘበራረቀን ቤት አያስተካክልም። የተዘበራረቀውን በፍጥነት እንዲዘበራረቅ ያደርገዋል።

ከመግዛት በፊት ያለው ሥራ

እንግዲህ ምን ይደረግ? በየቦታው ካየሁት ተነሥቼ፣ ለባለሀብቶችና ለሥራ አስኪያጆች የምለው ይህ ነው።

መጀመሪያ የዕቃ ዝርዝራችሁን አጽዱ። አንድ ዕቃ አንድ ስምና አንድ መለያ ቁጥር ይኑረው። «ኮስቲክ»፣ «ኮስቲክ ሶዳ» እና «ሶዳ ኮስቲክ» ተብሎ በሦስት መስመር የተጻፈ ዕቃ ወደ አዲሱ ሲስተም ሲገባ ያው ሦስት ዕቃ ሆኖ ይገባል። መለኪያውም ይወሰን፤ መጋዘን በበርሜል፣ ምርት ክፍል በኪሎ፣ ግዢ በቶን ከቆጠሩ መቀያየሪያው አስቀድሞ ይጻፍ።

ቀጥሎ ማን ምን እንደሚጽፍ ወስኑ። ያዘዘ ሰው አይቀበል፤ የተቀበለ አይክፈል። ይህ ጥንታዊ የቁጥጥር ሕግ ነው። ሲስተሙ በየሰው ስምና የይለፍ ቃል ያስከብረዋል፤ የይለፍ ቃሉ በወረቀት ተጽፎ ስክሪን ላይ ከተለጠፈ ግን ማንም አያስከብረውም።

ከዚያ በትንሹ ጀምሩ። ግዢ፣ መጋዘንና ሂሳብ መጀመሪያ ይያያዙ፤ ምርትና ሽያጭ ይከተሉ፤ የሰው ኃይልና ሌላው በኋላ ይምጣ። የመነሻ ቀኑ ሐምሌ 1 ቢሆን ይመረጣል፤ ቆጠራው ትኩስ ነው፤ መዝገቡም አዲስ ይከፈታል። ለጥቂት ወራት አሮጌውና አዲሱ ጎን ለጎን ይሂዱ። ሥራው ይደራረባል፤ ሠራተኛው ያማርራል፤ ያለዚህ ግን ስሕተት የት እንዳለ አይታወቅም።

ወጪውንም በሙሉ ቁጠሩት። የፈቃድ ክፍያው የወጪው አንድ ክፍል ብቻ ነው። የማስተካከያው፣ የሥልጠናው፣ የኮምፒውተሩና የየዓመቱ ድጋፍ ወጪ አለ፤ ክፍያው በዶላር ከሆነ ደግሞ የምንዛሪው ጉዳይ በየዓመቱ ይመጣል። ነፃ የሚባለውም ሶፍትዌር ባለሙያውን በነፃ አያመጣም። ውሉ ላይ አንድ ዓረፍተ ነገር እንዳይቀር፦ ውሉ ቢፈርስ መረጃው ሙሉ በሙሉ፣ በሚነበብ መልክ ለድርጅቱ ይመለሳል።

በመጨረሻ ሥልጠናውን ከመጋዘን ጀምሩ። ብዙ ድርጅት አለቆቹን ሆቴል አዳራሽ አስቀምጦ ያሠለጥናል፤ መጋዘኑን የሚጠብቀውን ሰው «ቀስ ብሎ ይለምደዋል» ብሎ ይተወዋል። በዚህ ሥርዓት ውስጥ የሁሉም ቁጥር ምንጭ እርሱ ነው። እርሱ በአማርኛ የሚያነበው ስክሪን፣ በጓንት እጅ የሚነካው መሣሪያና የሚጠይቀው ሰው ካላገኘ ከላይ ያለው ሪፖርት ሁሉ በአሸዋ ላይ ተሠርቷል። አለቃውም ድርሻ አለው። ሥራ አስኪያጁ ሪፖርቱን ከሲስተሙ ማንበብ ትቶ «ሂድና በወረቀት አምጣልኝ» ያለ ቀን ሲስተሙ ሞቷል።

ቁልፉ

ስለ ኢአርፒ ሶፍትዌር ጥቅም ሲነገር ፍጥነት፣ ቁጠባና ትርፍ ይጠቀሳሉ። ሁሉም እውነት ነው። እኔ ግን ከሁሉ አስቀድሜ የማነሣው ሌላ ጥቅም አለ፤ የሐቀኛ ሰውን ስም ይጠብቃል።

በዚያ ክረምት የመጋዘኑ ኃላፊ ዘጠኝ ቀን ሙሉ ያለ ቁልፍ ተቀመጡ። ጥፋት አልነበረባቸውም። ድርጅቱ ሲጠረጥራቸው የተጠቀመበት ማስረጃ ሦስት የማይተያዩ ወረቀቶች ነበሩ። አንድ መዝገብ ቢኖር ኖሮ መልሱ የዚያኑ ማታ በአንድ ገጽ ላይ ይታይ ነበር፦ በመጋዘን 58፣ በምርት ክፍል 6፣ በመንገድ 7፤ ድምር 71። እኛም ፈርመን ወደ ቤታችን እንሄድ ነበር፤ እርሳቸውም ቁልፋቸውን በቀበቶአቸው እንዳሰሩ ያድሩ ነበር።

እርሳቸው ያሉኝን ኋላ ላይ ነው የተረዳሁት። «እጄ የተቀበለውንና እጄ ያስረከበውን እጽፋለሁ» ብለው ነበር። የተቀናጀ ሲስተም ሕጉ ይኸው ነው፦ ያየ ይጻፍ፤ አንድ ጊዜ ይጻፍ፤ የተጻፈውን ሁሉም ያንብብ። ይህን ሕግ የተቀበለ ድርጅት በማንኛውም ሶፍትዌር ይጠቀማል፤ ያልተቀበለ ድርጅት ውዱን ገዝቶም አይጠቀምም።

እናንተም ሶፍትዌር ሻጩን ዋጋ ከመጠየቃችሁ በፊት መጋዘናችሁ ግቡ። አንድ ዕቃ ምረጡ። በእጃችሁ ቁጠሩት፤ ካርዱን አንብቡ፤ የሂሳብ ክፍሉን ዝርዝር አስመጡ። ሦስቱ ቁጥሮች አንድ ካልሆኑ ሥራው የሚጀመረው ከዚያ ዕቃ ነው።